«ጠቅ ማድረግ ብቻ ነው» ለምትሉ

አሁን አሁን እዚህ ሸዋ ሮቢት ስለ ሴት ልጅ ግርዛት ስታነሱ አንዳንዱ ሰው የሚሰጣችሁ መልስ ተቀይሯል። «ኧረ እኛ አንገርዝም! በመርፌ ጠቅ አድርጎ ጠብታ ደም ማውጣት ብቻ ነው» ይላችኋል። በይፋት ቆላ አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ አንድ ገበያ ነው የሚውለው፤ ልማዱ ግን ይለያያል። በአማራው ዘንድ ሕፃኗ ገና በአራስ ቤት ሳለች ይቆረጣል፤ አፋር ዘንድ መስፋትም አለ። ከዚህ ጋር ሲተያይ መርፌ ምንም አይመስልም።

ግን የዓለም ጤና ድርጅት ግርዛትን በ4 ይከፍለዋል፤ መውጋት፣ መብሳት፣ መብጣትና መተኮስ 4ኛው ላይ ተጽፈዋል። ስሙ ከግርዛት አልወጣም። አዋቂ ሴት ራሷ ወዳ ጌጥ ብታስበሳ እንኳ ቁስሉ ሊያመረቅዝ ይችላል። ይቺኛዋ ደግሞ ማን ጠየቃት?

እስቲ አስቡት፤ 3 ኪሎ የምትመዝን አራስ በጠቅላላ ሰውነቷ ውስጥ ያለው ደም አንድ የውሃ ብርጭቆ ቢሞላ ነው። ቦታው የደም ሥርና ነርቭ የበዛበት ነው። ልጅቷ ትፈራገጣለች፤ ጠቅ ላድርግ ያለ እጅ ይቆርጣል። ያልተቀቀለ መርፌ መንጋጋ ቆልፍ ያመጣል፤ ከአንዷ ወደ ሌላዋ የሚዞር ከሆነ ደግሞ የጉበት ቫይረስና ኤች አይ ቪ አለ። «ሐኪም ያድርግልን» ማለትም አያዋጣም፤ ጤና ሚኒስቴር በ2009 ዓ.ም በመንግሥትም በግልም ጤና ተቋም እንዳይሠራ ከልክሏል።

ሕጉ ግን ለኔ ለስላሳ ነው። የ1997ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 565 ለገረዘ ሰው ከ3 ወር የማያንስ እስራት፣ ወይም ከ500 ብር የማያንስ መቀጮ ይላል። 500 ብር ዛሬ የበዓል ዶሮ ይገዛል እንዴ? በ2008 ዓ.ም በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 65 በመቶው ተገርዘው ነበር። በዶሮ ዋጋ የሚቆም አይመስለኝም።

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ብዙዎቻችሁ ወልዳችኋል፤ ለዚህ ነው የጻፍኩት። ወንዶቹ «የሴቶች ጉዳይ ነው» ብላችሁ ደጅ አትቀመጡ። አያት ወይ አማት «ትንሽ ብቻ» ሲሉ አትጣሏቸው፤ የጤና ኤክስቴንሽኗ አራስ ልትጠይቅ ስትመጣ እሳቸው ባሉበት ጉዳዩን አንሱት። ቡና አፍሉና ጊዜ ስጧት፤ ከኛ ይልቅ እሷን ይሰማሉ።