ብዙ ሲገዙ ሁልጊዜ ይረክሳል ወይ?

የስሌት ገጽ

ባለፈው ሳምንት ማባዛትንና ማካፈልን ተለማምደናል። ዛሬ በዚሁ እውቀት አንድ የገበያ ጉዳይ እንመርምር። እርሳስና ወረቀት ያዙ። ቁጥሮቹ ለልምምድ እንዲቀሉ የተመረጡ ናቸው።

አንድ የገበሬዎች ማኅበር ሱቅ አለው እንበል። ሱቁ በዓመት 120 ካርቶን ሳሙና ይሸጣል። የከተማው ጅምላ ሻጭ እንዲህ አለ፦ «አንዱ ካርቶን 1,000 ብር ነው። በአንድ ጊዜ 60 ከወሰዳችሁ 980 አደርግላችኋለሁ። 120ውን ባንዴ ከወሰዳችሁ 975።»

ሊቀ መንበሩ ደስ አላቸው። «እንግዲያው የዓመቱን ባንዴ እንግዛ!» አሉ።

ገንዘብ ያዥዋ ግን፣ «ጋሼ፣ እስቲ ይቆዩ። ገንዘቡ የአባላቱ ነው። መጀመሪያ እናስላው» አለቻቸው።

ምን ምን ይሰላል? ሦስት ነገር ይሰላል።

አንደኛ፣ የዕቃው ዋጋ።

ሁለተኛ፣ የጉዞ ወጪ። አንድ ጊዜ ከተማ ሄዶ ዕቃ ለማምጣት 300 ብር ይወጣል። ጭነቱ ቢበዛም ቢያንስም ያው ነው።

ሦስተኛ፣ የማስቀመጫ ወጪ። መጋዘን ኪራይ አለው። አይጥ አለ፤ እርጥበት አለ። በሳሙና የታሰረ ገንዘብም ማዳበሪያ አይገዛም። ይህ ሁሉ ለአንድ ካርቶን በዓመት 80 ብር ነው።

መጋዘኑ ግን ዓመቱን ሙሉ ሞልቶ አይቆይም። እንደ ጎተራ ነው። ይሞላል፤ እየጎደለ ይሄዳል፤ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ለማስቀመጫ የሚታሰበው የአንዱ ግዢ ግማሽ ነው።

ገንዘብ ያዥዋ እንዲህ ጻፈች፦

በየጊዜው 30 ካርቶን ቢገዛ፦ ዋጋ 120,000፤ ጉዞ 4 × 300 = 1,200፤ ማስቀመጫ 15 × 80 = 1,200። ድምር 122,400 ብር።

በየጊዜው 60 ቢገዛ፦ ዋጋ 117,600፤ ጉዞ 2 × 300 = 600፤ ማስቀመጫ 30 × 80 = 2,400። ድምር 120,600 ብር።

120ው ባንዴ ቢገዛ፦ ዋጋ 117,000፤ ጉዞ 300፤ ማስቀመጫ 60 × 80 = 4,800። ድምር 122,100 ብር።

ሊቀ መንበሩ ወረቀቱን አንብበው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ለካ በካርቶን 5 ብር አተርፋለሁ ብዬ ማኅበሩን 1,500 ብር ላስከፍለው ነበር!» አሉ። 60 ካርቶን ታዘዘ።

ቅናሽ ባይኖር ኖሮ የሚሻለው 30 ነበር። ለምን? የጉዞውና የማስቀመጫው ወጪ እኩል የሚሆነው እዚያ ላይ ነውና። ከዚያ ቢያንስ ጉዞ ይበዛል፤ ከዚያ ቢበዛ ማስቀመጫ ይበዛል። ይህን ስሌት ፎርድ ሐሪስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1905 ዓ.ም. ጽፎ አሳትሞታል።

እንግዲህ መንገዱ ይህ ነው። መጀመሪያ ያለ ቅናሽ የሚሻለውን መጠን ፈልጉ። ቀጥሎ ቅናሽ የሚጀምርበትን እያንዳንዱን መጠን አስሉ። ድምሩ ያነሰውን ምረጡ። የሻጩን ዋጋ ብቻ አትዩ።

የቤት ሥራ፦ ሻጩ ለ60 ካርቶን የሚቀንሰው በካርቶን 4 ብር ብቻ ቢሆን፣ 30 ይሻላል ወይስ 60? አስሉና ከጎረቤታችሁ ጋር አስተያዩ። መልሱን በሚቀጥለው ሳምንት እናያለን።