በማግኔት ስለሚነሣው ሥዕልና ስለ ማድመቂያው መድኃኒት

ኤም አር አይ የሚባለው መሣሪያ በብርቱ ማግኔት የሰውነትን ውስጥ ሥዕል እንደሚያነሣ ታውቃላችሁ። ዛሬ የምንናገረው ግን ሥዕሉ ደምቆ እንዲታይ በደም ሥር ስለሚሰጠው መድኃኒት ነው። ይኸውም ጋዶሊኒየም ከሚባል ብረት የተሠራ ነው። ብረቱ ብቻውን መርዝ ስለ ሆነ፤ ሌላ ቅመም እንደ ሰገባ ይዞት ይገባል፤ ሥራውን ከፈጸመ በኋላም በኩላሊት በኩል ከሽንት ጋራ ይወጣል። የመጀመሪያው ዓይነት በአሜሪካ የተፈቀደው በ1988 ነው፤ (ዘመኑን የቈጠርነው በፈረንጆች ነው)።

ነገር ግን ኩላሊቱ የደከመ ሰው ቶሎ ሊያስወጣው አይችልም። በ2006 የኦስትሪያና የዴንማርክ ሐኪሞች፤ እንዲህ ባሉ በሽተኞች ላይ ቆዳን የሚያደርቅና መገጣጠሚያን የሚያስር ጽኑ ደዌ ከዚሁ መድኃኒት ጋራ የተያያዘ መሆኑን ገለጡ። በ2014 ደግሞ የጃፓን ሐኪሞች ደጋግመው በተወጉ ሰዎች አንጎል ውስጥ የብረቱን ምልክት አዩ፤ በዚህ ምክንያት አንጎል መጐዳቱ ግን አልተረጋገጠም። ቢሆንም በ2017 የአውሮፓ የመድኃኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሰገባቸው የላላውን ዓይነቶች ብዙዎቹን ከለከለ። እኛን እጅግ ደስ ያሰኘን በ2022 በአሜሪካ የተፈቀደው ጋዶፒክሌኖል ነው፤ ሰገባው የጠበቀ ሲሆን፤ ከተለመደው ልክ እኩሌታው ብቻ ይበቃልና።

እንግዲህ እናቱን ወይም አባቱን ወደዚህ መሣሪያ የሚወስድ ሰው፤ የኩላሊት ሕመም እንዳለባቸውና ከዚህ ቀደም ስንት ጊዜ እንደ ተወጉ አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር፤ ሽማግሎች ሕመማቸውን መሸሸግ ይወዳሉና። ያረገዘች ሴትም እንዲሁ ትናገር። ሐኪሙ ይህን ካወቀ ብረቱን አጥብቆ ከሚይዘው ወገን ይመርጣል፤ ወይም የሚበቃ ሆኖ ካገኘው ያለ መድኃኒት ያነሣል።