ከመፈረማችሁ በፊት በስማችሁ የተጻፈውን እወቁ

እኩዮቼ፣ የጪጩና የአካባቢዋ አባቶችና እናቶች፣ ዛሬ የምናገረው የጓሯችንን ቡናና የልጆቻችንን እንጀራ የሚነካ ነገር ነውና አድምጡኝ። ልጆቻችን ባጃጅ፣ ሞተር ሳይክል ወይም ስልክ በዱቤ ሊገዙ ሲነሡ ወደ እኛ ይመጣሉ። «አባዬ፣ ዋስ ሁነኝ» ይላሉ። እምቢ ማለት ያሳፍረናል፤ እንፈርማለን። ቀድሞ በስማችን ምን እንደተመዘገበ ጠይቆ የሚፈርም ግን ከመካከላችን ማን አለ?

በሶንጎ፣ በሽማግሌዎቻችን ሸንጎ ሥር፣ ስናድግ የሰውን ታማኝነት የሚያውቀው ጎረቤቱ ነበር። ብድሩን ማን እንደመለሰ፣ ማን እንደካደ ሽማግሌ ያውቃል። የዘገየም ሰው ምክንያቱ ይታወቅለታል፤ ቡናውን በሽታ መታበት፣ ልጅ ታመመበት ይባልለታል። አሁን ሌላ መዝገብ መጥቷል። ብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል አለው። ባንኮችና ማይክሮ ፋይናንሶች ማን ስንት እንደተበደረ፣ በቀኑ ይክፈል አይክፈል ወደዚያ ይልካሉ፤ አዲስ ብድር ሲጠየቁም መጀመሪያ እዚያ ያያሉ። ይህ መዝገብ የልጅ ሕመም አይሰማም፤ የሚቆጥረው ቀን ነው። የባንክ ብድር ክፍያው 30 ቀን ሲያልፈው ልዩ ክትትል ውስጥ ይገባል። 90 ቀን ሲሞላው የተበላሸ ብድር ይባላል።

ይህን 90 ቀን ከእኛ አኗኗር ጋር አስተያዩት። ገንዘብ የምናየው እሸት ቡና ሲለቀም፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ቤታችንን የሚያቆመው እንሰት ነው፤ ጥሬ ብር የለም። የባጃጁ ክፍያ ግን በየወሩ ይመጣል። ክረምቱ ሳይወጣ 90 ቀኑ ይሞላል። ያን ጊዜ የተጨነቀ አባት ገና ያልቀላውን ቡና በዛፉ ላይ እንዳለ ለነጋዴ በርካሽ ይሸጣል፤ መኸሩ ሲደርስ ደግሞ የሚለቅመው የሰው ቡና ነው። ስለዚህ ክፍያው ከቡናው ወቅት ጋር እንዲገጥም ጠይቁ፤ መጠየቅም ያለባችሁ ከፊርማው በፊት ነው። ከፈረማችሁ በኋላ ለማሻሻል አበዳሪው ፈቃደኛ መሆን አለበት።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያስፈራኝ ስልካችን ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በ2014 ዓ.ም. ከዳሽን ባንክ ጋር «መላ» የሚባል አነስተኛ ብድር አመጣ። መያዣ አይጠየቅበትም፤ ስንት እንደሚፈቀድላችሁ የሚወሰነው በአገልግሎቱ አጠቃቀማችሁ ነው። ለቸገረው ሰው ትልቅ እርዳታ ነው፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን ብዙዎቻችን ሲም ካርዱን በስማችን አውጥተን ስልኩን ለልጅ ወይም ለልጅ ልጅ ሰጥተናል። የምስጢር ቁጥሩንም የሚያውቀው እሱ ነው። የሚበደረው እሱ፣ ተበዳሪ ተብሎ የሚመዘገበው ግን እናንተ ናችሁ።

ዋስትናንም እንደ ምስክርነት አትዩት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1922 ዋስ የሚሆንበት የገንዘብ ጣሪያ ካልተጻፈ ዋስትናው ዋጋ የለውም ይላል። ጣሪያውን ሳታዩ አትፈርሙ። «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ቃል ካለ ደግሞ ቆም በሉ፤ አበዳሪው ልጃችሁን ሳይጠይቅ በቀጥታ እናንተን መክሰስ ይችላል ማለት ነው። ቤት በመያዣ ከሰጣችሁ ባንኩ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ሽማግሌ ልኮ ማስታረቅ እዚያ አይደርስም።

በቡድን ዋስትና ተበድረን የምናውቅ ሰዎችም ብዙ ነን። የራሳችሁን ከፍላችሁ የባልንጀራችሁ ቀሪ ዕዳ ቡድኑ ላይ ተንጠልጥሎ ሊሆን ይችላልና «እኔ ጨርሻለሁ» ብላችሁ አትተማመኑ።

ዲላ ቅርብ ናት። መታወቂያችሁንና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥራችሁን ይዛችሁ ደብተር ወዳላችሁበት ባንክ ሂዱ። በስሜ ያልተዘጋ ብድር አለ ወይ? ለማን ዋስ ሆኜ ተመዝግቤያለሁ? ብላችሁ ጠይቁ። ማንበብ የሚከብዳችሁ የምታምኑትን የተማረ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ ገዢው ልጅ ግን አንባቢያችሁ አይሁን። ከፍላችሁ የጨረሳችሁት ብድር እንዳልተከፈለ ሆኖ ካገኛችሁት፣ ያበደራችሁ ተቋም የመጨረሻ ክፍያችሁን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ እንዲሰጣችሁና መዝገቡን እንዲያስተካክል በጽሑፍ አመልክቱ። ባልና ሚስትም ተነጋገሩ፤ አንዱ የማያውቀው ዕዳ ሁለቱንም ያፈናቅላል።

እኩዮቼ፣ ለልቅሶና ለሠርግ የምንጠራራ ሰዎች ለዚህም እንጠራራ። ልጃችሁ ነገ ወረቀት ይዞ ቢመጣ ፍቅራችሁን አትንፈጉት፤ ባንክ ሄዳችሁ ሳትጠይቁ፣ ወረቀቱም እስከ መጨረሻው ሳይነበብላችሁ ግን አትፈርሙለት።