ከመንገዱ ጎን ያለው መንገድ

መቼም ይህን ጋዜጣ የምታነብቡት ምግብ አዝዛችሁ እስኪቀርብ ድረስ ነውና፣ ስለ ሩጫና ስለ እግር መንገድ ላወጋችሁ ስነሣ ሰዓቱ እንዳልተመቸኝ አውቀዋለሁ። ክትፎው እስኪደርስ ታገሡኝ።

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ ተሳፋሪ ከሬገን ኤርፖርት ወደ አሌክሳንድሪያ ይዤ ስሄድ የመጣሁበትን አገር ጠየቀኝ። «ኢትዮጵያ» አልኩት። ሰውየው ከኋላ ወንበር ተነሥቶ ሊያቅፈኝ ምንም አልቀረው። «አበበ ቢቂላ! ኃይሌ! ደራርቱ!» እያለ ስም ጠራልኝና፣ «አንተስ በሳምንት ስንት ማይል ትሮጣለህ?» አለኝ። እኔም ዓይኔን ከመንገዱ ሳላነሣ «ሠላሳ» አልኩት። ዓይን ያወጣ ውሸት ነው። በዚያ ሳምንት የሮጥኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ እሱም የፓርኪንግ ቅጣት የሚጽፈው ሰው ወደ መኪናዬ ሲጠጋ አይቼ ነው።

ያን ውሸት ስዋሽ በስተግራችን የፖቶማክ ወንዝ ነበር። በወንዙና በመኪናው ጎዳና መካከል ደግሞ ሰዎች የሚሮጡበት፣ እነሱ ትሬል የሚሉት ጠባብ የአስፋልት መንገድ አብሮን ይሄዳል። አሥራ አንድ ዓመት በዚያ ጎዳና ስመላለስ አንድ ቀን እንኳ ወርጄ ረግጬው አላውቅም ነበር።

ከእኔ ጋር በታክሲ ወረፋ የሚቆም አንድ ወዳጅ ነበረኝ። ቡናችንን በወረቀት ኩባያ ይዘን ተራችንን ስንጠብቅ፣ «እስቲ አንድ ቀን መኪናውን አቁመን እዚያ መንገድ ላይ እንሂድ» ይለኝ ነበር። እኔም «አንድ ቀን» እለዋለሁ። ያ አንድ ቀን ሳይመጣ ባለፈው የካቲት ልቡ ቀጥ አለ። ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነበር። አስከሬኑን ወደ አገር ለመላክ መዋጮ በተሰበሰበበት አዳራሽ ተቀምጬ ዙሪያዬን ስመለከት፣ አብዛኞቻችን ቀኑን ሙሉ ተቀምጠን የምንሠራ፣ ሌሊት የምንበላ፣ ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር ክኒን ዋጋ የምንጨዋወት ሰዎች ሆነን አገኘሁን። በዚያው ወር ሐኪሜ የደም ምርመራዬን ዘርግታ፣ «የስኳር በሽታ ደጃፍ ላይ ቆመሃል፤ ገና አልገባህም፤ መመለስ ትችላለህ» አለችኝ።

መመለስ እንደሚቻል በጥናትም የታየ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት፣ እንደ እኔ ደጃፍ ላይ የቆሙ ሰዎች ከክብደታቸው 7 በመቶ ያህል ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ ሲነሡ፣ በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። መንቀሳቀስ ሲባል ኃይሌን መሆን አይደለም፤ ፈጠን ያለ እርምጃ ይበቃል። 150 ደቂቃ ማለት በቀን 30 ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን ነው። ከኤርፖርት ወረፋ ያነሰ ጊዜ ማለት ነው።

ስለዚህ ወረድኩ። በአሌክሳንድሪያና በአካባቢዋ ለምንኖር ሰዎች ጠቃሚ ይሆናል ብዬ ያየሁትን በተራ ላካፍላችሁ።

ከሁሉ የሚበልጠው ያ ከጎዳናው ጎን ያለው መንገድ፣ የማውንት ቨርነን ትሬል ነው። ርዝመቱ 18 ማይል፣ ማለትም 29 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከጆርጅ ዋሽንግተን መኖሪያ ከማውንት ቨርነን ተነሥቶ ወንዙን እየተከተለ ከጆርጅታውን ፊት ለፊት እስካለው እስከ ቴዎዶር ሩዝቬልት ደሴት ይደርሳል። የሚያስተዳድረው የአገሪቱ የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ነው፤ መግቢያ የሚከፈልበት አይደለም። ሁሉንም በአንድ ቀን ካልጨረስኩ የሚል እንዳይኖር፤ በሦስት ከፍዬ ብነግራችሁ ይሻላል።

ልጆች ላሏችሁ፣ ከኤርፖርቱ በስተሰሜን ያለው ግራቭሊ ፖይንት ደግ ነው። አውሮፕላኖቹ ወደ ማኮብኮቢያው ሲወርዱ በራሳችሁ ላይ በቅርብ ያልፋሉ፤ ልጆቹ ይጮሃሉ፤ እናንተም ሳትፈልጉ ጎንበስ ትላላችሁ። ከውሃው ማዶ የዋሽንግተን ሐውልት ይታያል። ነገር ግን መኪና ማቆሚያው ውስጥ መግባት የሚችለው በፓርክዌዩ ወደ ሰሜን የሚነዳ ብቻ ነው። ከዋሽንግተን ወደ ደቡብ እየነዱ የሚፈልጉት ሰዎች ሲያልፋቸው አይቻለሁ፤ ባለሙያ ነኝ የምለው እኔም አንድ ቀን አልፎኛል።

ታሪክ ለሚወድ፣ ከኪንግ ስትሪት ሜትሮ ጣቢያ ወደ ወንዙ ቁልቁል በእግሩ ወርዶ በኦልድ ታውን ዳርቻ ወደ ደቡብ ይሂድ። የቀድሞው የቶርፒዶ ፋብሪካ፣ ከ1974 ጀምሮ የሠዓልያን መሥሪያ የሆነው፣ እዚያው ውሃው ዳር ነው። ከዚያ አልፎ ጆንስ ፖይንት የሚባለው መናፈሻ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1855 የተሠራች፣ ከጎጆ የማትበልጥ የመርከቦች መብራት ቤት አለች። የአሜሪካ ዋና ከተማ ስትቀየስ የመጀመሪያው የወሰን ድንጋይ በ1791 የተተከለውም በዚሁ ስፍራ ነው። ከቀያሾቹ ጋር ሆኖ ከዋክብትን እየተመለከተ ልኩን ያሰላ የነበረው ቤንጃሚን ባኔከር የተባለ፣ ሒሳብና ሥነ ፈለክን በራሱ ጥረት የተማረ ነፃ ጥቁር ሰው ነው። ይህን ለልጆቻችሁ እዚያው ቆማችሁ ንገሯቸው። ጉልበት ያለው ደግሞ በላይ በሚያልፈው በዉድሮ ዊልሰን ድልድይ ላይ፣ ከ2009 ጀምሮ ለእግረኛና ለብስክሌት በተከፈተው መተላለፊያ፣ ወንዙን ተሻግሮ ሜሪላንድ መድረስ ይችላል።

ጸጥታ ለሚሻ፣ ከቤል ሄቨን መናፈሻ ወደ ደቡብ ያለውን ክፍል እመርጥለታለሁ። ዳይክ ማርሽ የሚባለው ረግረግ እዚያ ነው። በሁለት ወገን ቄጠማ የመሰለ ረጅም ሣር፣ በላዩ ዳክዬ፣ አንዳንዴም ራሱ ነጭ የሆነው የአሜሪካ ንስር ይታያል። ጠዋት በማለዳ ስሄድበት፣ ከሌሊት ሥራ ወጥቼ የሰማሁት የመኪና ድምፅ ሁሉ ከጆሮዬ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ እስከ ማውንት ቨርነን ለመዝለቅ ያሰበ ግን የመጨረሻው ማይል ዳገት መሆኑን ይወቅ።

በቫን ዶርንና በቦሪጋርድ አካባቢ ባሉት አፓርትመንቶች የምትኖሩ ደግሞ መኪና ሳታስነሡ የምትደርሱበት የሆልምስ ረን መንገድ አለላችሁ። ጅረት ተከትሎ በዛፍ ጥላ ሥር የሚሄድ ነው፤ በዶራ ኬሊ የተፈጥሮ መናፈሻ አጠገብ ሲያልፍ ከተማ ውስጥ መሆናችሁን ትረሳላችሁ። ከአውራ ጎዳናው ሥር በዋሻ ያልፋል። ዝናብ በጣለ ቀን ጅረቱ ይሞላልና ወደ ዋሻው አትግቡ።

ዳገት ለሚፈራ ጉልበት፣ ከሸርሊንግተን የሚነሣው ደብሊው ኤንድ ኦዲ ትሬል ይስማማዋል። የባቡር ሐዲድ የነበረ ነው፤ ባቡሩ በ1968 ሥራ ካቆመ በኋላ ወደ እግርና ብስክሌት መንገድ ተለወጠ። ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት አይወጣምና መንገዱ በአብዛኛው ለስላሳ ነው። እስከ ፐርሰልቪል 45 ማይል ይሄዳል። በየግማሽ ማይሉ ምልክት ስላለው፣ ምን ያህል እንደሄዳችሁ ለራሳችሁ መዋሸት አትችሉም።

አሁን ስለ ሥርዓቱ ጥቂት ልበል፤ እኔ የተማርኩት በኀፍረት ነውና። በመጀመሪያው ቀን በቆዳ ጫማ፣ በመንገዱ መካከል፣ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ስሄድ ከኋላዬ አንድ ሰው «ኦን ዮር ሌፍት!» ብሎ ጮኸ። እኔ የሰማሁት «ሌፍት» የሚለውን ብቻ ነው፤ ታዛዥ ሰው ነኝና ወደ ግራ ዘለልኩ። ብስክሌተኛው ፍሬኑን ይዞ ከአንድ ክንድ በማይበልጥ ርቀት ቆመ። ያለኝን እዚህ አልጽፈውም። ለካ ቃሉ «በግራህ በኩል ላልፍ ነው፤ አንተ ቀኝህን ይዘህ ሂድ» ማለት ኖሯል። እንግዲህ ቀኛችሁን ያዙ፤ ሦስትና አራት ሆናችሁ መንገዱን አትዝጉ፤ ጆሯችሁን በሙዚቃ አትድፈኑ። የእንጨት ድልድዮቹ በዝናብ ጊዜ እንደ ሳሙና ያንሸራትታሉ። በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱና ወበቁ ከባድ ስለሆነ በማለዳ ውጡ፤ ውሃ ያዙ። ሣር ውስጥ ከገባችሁ ቤት ስትደርሱ እግራችሁን ለመዥገር ፈትሹ። የስኳር ወይም የልብ መድኃኒት የምትወስዱ ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪም ጠይቁ።

እኅቶቻችን «ብቻዬን እፈራለሁ» ይላሉ፤ አይፈረድባቸውም። ሁለት ሆኖ መውጣት ይቻላል። ቡና ለመጠጣት ሦስትና አራት ሆነን ከተጠራራን፣ ለእርምጃ ሁለት መሆን አያቅተንም። ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ከአገር ቤት መጥተው ቀኑን በመስኮት ሲያዩ የሚውሉትን እናቶችና አባቶችም አትርሷቸው። አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው በሆልምስ ረን ሲሄዱ አግኝቼ ሰላም ብላቸው፣ «ልጄ፣ እዚህ አገር ከመጣሁ መሬት የረገጥኩት ገና ዛሬ ነው» አሉኝ።

እኔ ዛሬ ሯጭ ሆንኩ ብዬ አልዋሻችሁም። በሳምንት አምስት ቀን ሁለት ማይል እሄዳለሁ፤ ግማሹን በሩጫ፣ ግማሹን በእርምጃ። በቅርቡ ሐኪሜ አዲሱን ምርመራ አይታ «ከደጃፉ ራቅ ብለሃል» አለችኝ። ደስ ቢለኝም፣ ያን ዜና ቀድሜ ልነግረው የምፈልገው ሰው ወረፋው ላይ የለም። አንዳንድ ቀን ተራዬን ስጠብቅ፣ «አንድ ቀን» እያልን ያሳለፍናቸውን ጠዋቶች እቆጥራለሁ።

ያ ተሳፋሪ ዳግመኛ መኪናዬ ውስጥ ቢገባና ቢጠይቀኝ፣ «በሳምንት አሥር ማይል፤ እሱም ግማሹ እርምጃ ነው» እለዋለሁ። ላያቅፈኝ ይችላል፤ ግን እውነት ነው።

ክትፎው መጣ መሰለኝ። መልካም ምግብ ይሁንላችሁ። ሂሳቡን ከፍላችሁ ከመነሣታችሁ በፊት ግን አጠገባችሁ ከተቀመጠው ሰው ጋር ለዚያ «አንድ ቀን» ቀን ቁረጡለት፤ ቅዳሜ ይሁን እሑድ እናንተ ታውቃላችሁ።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።