ርካሹ አይሮፕላን ትንሹን ከተማ ለምን ጥሎ ይሄዳል?

አንድ አነስተኛ ከተማ አዲስ አየር መንገድ ሲመጣለት ከንቲባው ሪባን ይቈርጣል፤ የሆቴል ባለቤቶች ክፍሎቻቸውን ያድሳሉ፤ ባለታክሲውም ቀኑን ይባርካል። ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ ግን ከአየር መንገዱ ዋና መሥሪያ ቤት አጭር መግለጫ ይወጣና በረራው ከዚህ ጊዜ ጀምሮ መቅረቱን ያስታውቃል። የመንገደኞች ማስተናገጃው ቤት ባዶውን ይቀራል፤ በማዘጋጃ ቤቱም በሆቴል ቤቱም የሚሰማው ቃል «ከዱን» የሚል ብቻ ይሆናል።

«ከዱን» ማለት ሐዘንን መግለጽ ነው እንጂ ምክንያትን መናገር አይደለም። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ርካሽ ዋጋ የሚያስከፍሉ አየር መንገዶች ከአነስተኛ ከተሞች የሚወጡበትን ምክንያት በኤውሮፓ ከደረሰው ነገር ጋር እያመሳከርን እንመረምራለን። ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ የአይሮፕላን ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን በውስጡ ያለው ጥያቄ የሕዝብ ገንዘብ ለማን፣ ለምንና በምን ዐይነት ውል ይሰጣል የሚል በመሆኑ፣ በትምህርት ላይ ላሉትና የመንግሥት ሥራ ለጀመሩት ወጣቶቻችን ይልቁንም ሊታሰብበት የሚገባ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የእነዚህ አየር መንገዶች ርካሽነት ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ያስፈልጋል። ሥርዓቱን በሰፊው ያስለመደው በ1971 በአሜሪካ በቴክሳስ ግዛት በረራ የጀመረው ሳውዝዌስት የተባለው ኩባንያ ነው። በኤውሮፓ ደግሞ የኅብረቱ አገሮች በ1990ዎቹ ዓመታት የአየር ገበያቸውን ለኅብረቱ አየር መንገዶች ሁሉ ክፍት ካደረጉ በኋላ፣ በ1985 ከአየርላንድ መብረር የጀመረው ራያንኤር ይህን ሥርዓት ከሌሎቹ አብልጦ ሠራበት። ዘዴው ቀላል ነው። በአብዛኛው አንድ ዐይነት አይሮፕላን ይያዛል፤ በዚህም የአብራሪው ትምህርት፣ የመካኒኩ ሙያና መለዋወጫው አንድ ዐይነት ይሆናል። በአይሮፕላኑ ውስጥ መቀመጫ ይበዛል፤ ራያንኤር በቦይንግ 737-800 ላይ 189 ሰው ያሳፍራል። አይሮፕላኑ ካረፈ በኋላም በ25 ደቂቃ ውስጥ አውርዶና አሳፍሮ እንዲነሣ ይደረጋል፤ አይሮፕላን ገንዘብ የሚያገኘው በሰማይ ሳለ ነው እንጂ በመሬት ቆሞ አይደለምና። ትንንሾቹ የአይሮፕላን ማረፊያዎች የተፈለጉትም ስለዚህ ነው። መጨናነቅ የለባቸውም፤ የማረፊያ ዋጋቸውም ዝቅተኛ ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ምክንያት ከዚሁ ይወጣል። ቲኬቱን በ500 ዩሮ ለሚሸጥ ኩባንያ የ5 ዩሮ ጭማሪ ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። ቲኬቱን በ20 ዩሮ ለሚሸጥ ኩባንያ ግን ትርፉ በሙሉ ያ 5 ዩሮ ሊሆን ይችላል። የፈረንሳይ መንግሥት ከማርች 2025 ጀምሮ በኤውሮፓ ውስጥ በተራ መቀመጫ በሚሄድ መንገደኛ ላይ የሚጣለውን የአየር ቲኬት ግብር ከ2.63 ዩሮ ወደ 7.40 ዩሮ ከፍ አደረገ። የጭማሪው ልክ 4.77 ዩሮ ነው። ይህ 189 መቀመጫው በሞላ አንድ አይሮፕላን ላይ ሲታሰብ፣ በአንድ መነሻ ብቻ ወደ 900 ዩሮ ይደርሳል። በዚያው ዓመት በጁላይ ወር ራያንኤር ይህን ግብር በምክንያትነት ጠቅሶ፣ በብርዱ ወራት ከእስትራስቡር፣ ከቤርዥራክና ከብሪቭ እንደሚወጣ አስታወቀ።

ነገር ግን አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበል። ግብሩ በፈረንሳይ አገር በሙሉ አንድ ነው። ታዲያ ኩባንያው ለፓሪስ መንገደኞች ከሚያገለግለው ከቦቬ ሳይወጣ ከእነዚህ ሦስት ከተሞች ለመውጣት ለምን መረጠ? በእኛ አስተያየት ግብሩ ገፊ ምክንያት ሆነ እንጂ፣ የሚገፋውን ቦታ የመረጠው የየመሥመሩ ትርፍ ማነስ ነው። ወጪ ሲጨምር አስቀድሞ የሚቈረጠው ከሁሉ ያነሰ የሚያተርፈው መሥመር ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የዋጋ ክርክር ነው። በእስፓኝ አገር 46 የአይሮፕላን ማረፊያዎችን የሚያስተዳድረው አኤና የተባለው ድርጅት ሲሆን፣ 51 በመቶው የመንግሥት ነው። በጃንዋሪ 2025 ራያንኤር የአኤና ዋጋ ከበደኝ በማለት ከሔሬስና ከባያዶሊድ እንደሚወጣ፣ በጠቅላላው 12 መሥመሮችንና 800,000 መቀመጫዎችን እንደሚቀንስ አስታወቀ። በሴፕቴምበርም ጨምሮ፣ በሳንቲያጎ የነበረውን የአይሮፕላኖች ማደሪያ ለመዝጋትና ከ2026 መግቢያ አንሥቶ ወደ ቪጎ መብረሩን ለማቆም መወሰኑን ገለጸ። አኤና በበኩሉ ዋጋው በኤውሮፓ ካሉት ዝቅተኞች አንዱ መሆኑን ጠቅሶ፣ ኩባንያው አይሮፕላኖቹን የበለጠ ወደሚያተርፉበት ለመውሰድ መፈለጉን እንደ ምክንያት አቀረበ።

ከሁለቱ እውነተኛው ማነው ብሎ ለሚጠይቅ፣ መልሳችን ሁለቱም ከየራሳቸው ወገን እውነት ሊይዙ ይችላሉ የሚል ነው። ትንሽ የአይሮፕላን ማረፊያ በቀን አንድ አይሮፕላን ቢያርፍበትም ሃያ ቢያርፍበትም፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ፣ የመቈጣጠሪያ ማማ፣ የፍተሻ ሠራተኛና የተጠገነ መንደርደሪያ ሊኖረው ግድ ነው። ይህ ሁሉ ወጪ ለጥቂት መንገደኛ ሲካፈል ለእያንዳንዱ ብዙ ይደርሰዋል። ስለዚህ ማረፊያው ዋጋውን ያለ መጠን ዝቅ ማድረግ አይችልም። ኩባንያውም አንድ አይሮፕላን በሌላ ከተማ የበለጠ የሚያገኝ ከሆነ፣ እዚህ ኪሳራ ባይደርስበት እንኳ ያነሳዋል። በትርፍ እያለ ይሄዳል ማለት ነው። ከተማው ብዙ ጊዜ የማይረዳው ይህን ነው፤ «አይሮፕላኑ ሞልቶ ነበር፤ ለምን ሄደ?» እያለ ይገረማል።

በዚህ ላይ ከተማው ምንም የማያደርግበት ሌላ ምክንያት አለ። በጃንዋሪ 2024 በአሜሪካ የአላስካ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ 9 በበረራ ላይ ሳለ የጎኑ መዝጊያ ተገንጥሎ ወደቀ። የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን ቦይንግ በወር ከ38 በላይ ማክስ እንዳይሠራ ገደብ አደረገበት። በዚህም ምክንያት ራያንኤር ያዘዛቸው አዳዲስ አይሮፕላኖች ዘገዩበት፤ በዚያን ጊዜ ይዞት የነበረውን የመንገደኞች ዕቅድም ዝቅ ለማድረግ ተገደደ። አይሮፕላን ሲያጥር የትኛው መሥመር ይቈረጣል? መልሱን ከላይ ተናግረነዋል። በአሜሪካ ፋብሪካ የተበላሸ ሥራ በሌላ አህጉር ያለ ትንሽ ከተማን ሊነካ የሚችለው እንዲህ ባለ መንገድ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ድጎማው ሲያልቅ ወይም ሲከለከል ነው። እስትራስቡር በ2025 የደረሰባት ነገር አዲስ አልነበረም። በ2002 ራያንኤር ከለንደን ወደዚያች ከተማ መብረር ሲጀምር፣ ማረፊያውን የሚያስተዳድረው የንግድ ምክር ቤት ለማስታወቂያ በሚል ስም ገንዘብ ለመክፈል ተዋውሎ ነበር። የኤር ፍራንስ ቅርንጫፍ የነበረው ብሪት ኤር ነገሩን በመቃወም ከሰሰ፤ በ2003 የከተማው የአስተዳደር ፍርድ ቤት ድጎማው ሕገ ወጥ ነው ብሎ ፈረደ። ራያንኤርም ጊዜ ሳያባክን በረራውን ራይን ወንዝን አሻግሮ በጀርመን ምድር ወዳለው የባደን ባደን ማረፊያ አዛወረ። አይሮፕላን ወንዝ ለመሻገር ደቂቃ ይበቃዋል፤ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ መንደርደሪያ ግን ከቦታው አይነቃነቅም። የመደራደር ኀይል በማን እጅ እንዳለ ከዚህ የበለጠ አስረጂ አያስፈልግም።

የአንጉሌም ነገር ደግሞ ለወጣት ሹም ትምህርት ቤት ነው። በ2008 የዚያ አውራጃ የአይሮፕላን ማረፊያዎች ማኅበር ከራያንኤር ጋር የአምስት ዓመት ውል ገባ፤ ለበረራውም ገንዘብ ከፈለ። ኩባንያው ግን በ2010 ሁለት ዓመት ብቻ ሠርቶ ሄደ። ማኅበሩ ወደ ፍርድ ቤት ሲሮጥ ውሉ ውስጥ የተጻፈ አንድ አንቀጽ ጠበቀው። ክርክር የሚታየው በለንደን በግልግል ዳኝነት ነው ይላል። ዳኝነቱም በማኅበሩ ላይ ሆነ፤ በ2013 የፈረንሳይ ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት በለንደን የተሰጠውን ዳኝነት ለመሻር ሥልጣን የለኝም ብሎ አሰናበተው። በ2014 ደግሞ የኤውሮፓ ኮሚሲዮን በፖ፣ በኒምና በአንጉሌም ለአየር መንገዶች የተሰጠው ድጎማ ከሕግ ውጪ ነው በማለት፣ በጠቅላላው ወደ 10 ሚሊዮን ዩሮ የሚጠጋ ገንዘብ እንዲመለስ አዘዘ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ የሚለው ተረታችን ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

ከዚህ ተነሥቶ ድጎማ ሁሉ ከንቱ ነው የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እኛ ግን እንደዚያ አንልም። በቤልጂግ አገር የሻርለርዋ ማረፊያ ባለቤት የሆነው የዋሎን ክፍለ ሀገር በ2001 ለራያንኤር የማረፊያ ዋጋ ቀንሶ ሌላም ድጋፍ ጨምሮ ለ15 ዓመት ተዋዋለ። የኤውሮፓ ኮሚሲዮን በ2004 የውሉን ከፊል ተቃወመ፤ በ2008 ግን የኅብረቱ ፍርድ ቤት የኮሚሲዮኑን ውሳኔ ሻረው። ራያንኤር ከ20 ዓመት በላይ ከሻርለርዋ ሳይለቅ ቆየ። ልዩነቱ የት ላይ ነው? ሻርለርዋ ከብራስልስ አጠገብ ያለ ነው፤ በዙሪያውም ብዙ ሚሊዮን ሕዝብ ይኖራል። ድጎማው በሩን ከፈተ፤ ኩባንያውን ያቆየው ግን መንገደኛው ነው። መንገደኛ በሌለበት ድጎማ ሲቆም በረራውም ይቆማል፤ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ይቀራል።

ደግሞም አትራፊ ባይሆንም የግድ የሚያስፈልግ መሥመር አለ። በደሴት ላይ ያለ በሽተኛ ወደ ትልቅ ሐኪም ቤት፣ በተራራ የተከበበ አውራጃ ተማሪ ወደ ዩኒቨርሲቲ መድረስ አለበት። የኤውሮፓ ኅብረት በ2008 ባወጣው የአየር አገልግሎት ደንብ ለዚህ መንገድ አበጅቶለታል። መንግሥት መሥመሩ ለሕዝብ አገልግሎት አስፈላጊ መሆኑን በግልጽ ያስታውቃል፤ ስንት ጊዜ መበረር እንዳለበትና ዋጋው ከየት እንዳያልፍ ይወስናል፤ ከዚያም ጨረታ አውጥቶ አነስተኛ ድጋፍ ለጠየቀው አየር መንገድ፣ እንደ ደንቡ ከአራት ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ይሰጣል። ይህ በማስታወቂያ ስም ተደብቆ ከሚሰጥ ገንዘብ የተሻለ ነው። ሕዝቡ ምን እንደሚከፍልና ምን እንደሚያገኝ ያውቃልና።

በአገራችን ነገሩ በዚህ መልክ አይታይም። ከ2017 ወዲህ የአይሮፕላን ማረፊያዎቻችን አስተዳደር ከኢትዮጵያ አየር መንገድ ግሩፕ ጋር የተዋሐደ በመሆኑ፣ በአየር መንገዱና በማረፊያው መካከል እንዲህ ያለ የዋጋ ክርክር የሚነሣበት ምክንያት አነስተኛ ነው። ሆኖም ነገ ፋብሪካ፣ ሆቴል ወይም የእርሻ ኩባንያ ወደ ከተማው ለማምጣት መሬት በነፃ፣ ግብር በቅናሽ እየሰጠ የሚዋዋል ወጣት ሹም ያው ፈተና ይገጥመዋል። መሬቱና መንገዱ የማይነቃነቁ ናቸው፤ እንግዳው ግን ሻንጣውን ይዞ ሊነሣ ይችላል።

ስለዚህ ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ጥቂት ጥያቄዎችን ራሱን ይጠይቅ። ድጋፉ ቢቆም ይህ ኩባንያ እዚህ የሚቆይበት ምን ጥቅም አለው? ዘመኑ ሳይደርስ ቢሄድ ምን ይከፍላል? ክርክር ቢነሣ የሚዳኘን የት ነው? የሁሉም ኑሮ በአንድ ኩባንያ ላይ ተንጠልጥሏል ወይስ ሌላም አለ? እንግዳው ከሄደ በኋላስ ለከተማው ምን ይቀርለታል፤ የሠለጠነ ሠራተኛ፣ የተሠራ መንገድ፣ ወይስ ባዶ አዳራሽ?

አየር መንገዱ ለባለ አክስዮኖቹ ማትረፍ ግዴታው ነው፤ ስለ ሄደ ብቻ ወራዳ አንለውም። የሕዝብ አደራ የተቀበለ ሹም ግን ግዴታው ለሕዝቡ ነው። የከተማው ሰው ሪባን ሲቈረጥ ማጨብጨብ መብቱ ነው። ሪባኑን ለማስቈረጥ የፈረመው ሰው ግን የመጨረሻው አይሮፕላን የሚነሣበትን ቀን አስቀድሞ አስቦ ሊፈርም ይገባዋል።