ከአልጋ ሥር የተገኘ መጽሐፍ

በዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ ስለ ልጆቻችን እንጨዋወታለን። ዛሬ ግን ስለ ራሴ ላውጋችሁ፤ መቼም የልጄ ነገር መግባቱ አይቀርም።

በልጅነቴ ልብ ወለድ ማንበብ እወድ ነበር። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበብኩት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው። መጽሐፉ በሰፈራችን በወረፋ ይዞር ስለነበር ለእኔ የደረሰኝ ሦስት ቀን ብቻ ነበር፤ ሌሊቱን በሻማ ጨረስኩት። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከውማ ቤቱ ሁሉ ጸጥ ይል ነበር። ጌታን ካገኘሁ በኋላ አንድ ወንድም «ልብ ወለድ ዓለማዊ ነው» ቢለኝ ያሉኝን መጻሕፍት ሁሉ ሰብስቤ ለሰው ሰጠሁ። ከዚያ በኋላ ሥራ፣ ትዳር፣ ልጆች መጡና ከ20 ዓመት በላይ አንድም ልብ ወለድ ዳር ሳላደርስ ኖርኩ። (ዓለማዊ ያልኩትን ትቼ ማታ ማታ ስልኬ ላይ ምን ስመለከት እንደማመሽ ግን አትጠይቁኝ።)

ባለፈው ክረምት የ10ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ ከአልጋዋ ሥር መጽሐፍ ደብቃ አገኘሁ። የባዮሎጂ መጽሐፏን ስፈልግ የወጣው ያው «ፍቅር እስከ መቃብር» ነበር፤ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የገዛችው፣ ሽፋኑ በፕላስተር የተለጠፈ። ተቆጣሁ። ተቆጥቼም አልጋዋ ላይ ቁጭ ብዬ ገለጥ ገለጥ አደረግሁት። እራት ቀርቧል ተብዬ ሦስት ጊዜ ተጠራሁ።

እውነቱን ለመናገር ያኔ ያነበብኩት ግማሹን ነው። በዛብህና ሰብለወንጌል የሌሉበትን ሁሉ ዘልዬዋለሁ። የፊታውራሪ መሸሻና የገበሬዎቹ ጠብ፣ የጉዱ ካሣ ረጅም ንግግር ይሰለቸኝ ነበር። አሁን ያንኑ ደጋግሜ አነበብኩ። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም.፣ ማለትም አብዮቱ ከመፈንዳቱ 8 ዓመት ቀድሞ መሆኑን ሳስበው፣ ሰው እብድ የሚለው ጉዱ ካሣ ከሁሉም ይልቅ ጤነኛ ሆኖ ታየኝ።

ይበልጥ የያዘኝ ግን የስለቱ ነገር ነው። ሐዲስ ጎጃም ተወልደው በአብነት ትምህርት ቤት ያደጉ ሰው ስለሆኑ ይህን ሕይወት ከውስጥ ያውቁታል። የበዛብህ ወላጆች ልጃቸው እንዲያድግላቸው ለቤተ ክርስቲያን ተሳሉት፤ እሱን የጠየቀው የለም። ካደገ በኋላ ግን ያልገባውን ቃል ተሸክሞ የሚሄደው እሱ ነው። ፊታውራሪ መሸሻም ለዘራቸው የሚመጥን ባል እየፈለጉ የሰብለን ዕድሜ ያሳልፉታል። የሁለቱም ወላጆች ልጆቻቸውን አይጠሉም። በ15 ዓመቴ እነዚህ ወላጆች ክፉ ሰዎች ይመስሉኝ ነበር።

እዚህ ስደርስ መጽሐፉን አጠፍኩት። ልጄ የተወለደችው ያለ ጊዜዋ፣ በሰባት ወሯ ነው። ያን ሌሊት በሆስፒታሉ ኮሪደር ቆሜ «ጌታ ሆይ፣ ብታተርፍልኝ ሐኪም ሆና ሕዝብህን ታገለግላለች» ብዬ ነበር። ይህንንም በምስክርነት ጊዜ ስንቴ እንደተናገርኩት! እሷ ከፊት ወንበር ተቀምጣ እየሰማች፣ ጉባኤው እያጨበጨበ። በመጪው ዓመት የተፈጥሮ ሳይንስ ወይም ማኅበራዊ ሳይንስ መምረጥ አለባት፤ አንድም ቀን ግን «አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?» አላልኳትም።

በማግስቱ ቁርስ ላይ ጠየቅኋት። ብዙ ዝም አለች። እናቷ ሻይ መቅዳቷን ትታ ታየናለች።

«አባዬ፣ መጀመሪያ መጽሐፌን መልስልኝ» አለችኝ። «40 ገጽ ነው የቀረኝ።»

መለስኩላት። የምርጫው ነገር ገና አልተቆረጠም፤ ቅጹን የምትሞላው መስከረም ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ ማታ ማታ በተራ እያነበብን ነው፤ እሷ ጨርሳው እንደገና ጀምራለች፣ እኔ መሐሉ ላይ ነኝ። ወደፊት የሚሆነውን እንዳትነግረኝ ብለምናትም ትነግረኛለች። የዚሁ ደራሲ «የልምዣት» በእጃችሁ ካለ አውሱን፤ በሦስት ቀን እንመልሳለን።