ከላይ ደረቅ፣ ከታች እርጥብ



ረሱል (ሶ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ አንድ የእህል ክምር የሰደዱበትን ታሪክ አብዛኞቻችን በደርስ ሰምተነዋል። ጣቶቻቸውን እርጥበት ነካቸው። ባለቤቱን ሲጠይቁት ዝናብ እንደመታው ነገራቸው። እርሳቸውም ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልል ሰው ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነም ተናገሩ። ሐዲሱን ኢማም ሙስሊም ዘግበውታል።

አንድ ነገር ልብ እንበል። ሰውየው እህሉ ላይ ውሃ አላፈሰሰም፤ ዝናብ ነው የመታው። የተወቀሰው እህሉ በመርጠቡ ሳይሆን እርጥቡን ከታች፣ ደረቁን ከላይ በማድረጉ ነው።

ይህን ስንሰማ ሐሳባችን ቶሎ ወደ ነጋዴ ይሮጣል። ቅቤ ውስጥ ሙዝ፣ በርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት፣ ማር ውስጥ ስኳር የሚቀላቅለው ይታወሰናል። እውነት ነው፤ ሱረቱል ሙጠፊፊን ስያሜውን ያገኘው በስፍርና በሚዛን ከሚያጎድሉ ሰዎች ነው። ግን እኛ ተማሪዎች ነን። የምንሸጠው ቅቤ የለንም። ታዲያ ሐዲሱ እኛን አይመለከትም ማለት ነው?

የእኛ ክምር አንደበታችንና ፊታችን ነው። እንደማንመጣ እያወቅን «ኢንሻአላህ» ብለን ሰው እንሸኛለን፤ የአላህን ስም የእምቢታ መሸፈኛ እናደርገዋለን። በግሩፕ አሳይመንት ላይ ስማችን አለ፤ ሥራው ላይ ግን የለንም። ወንድማችንን አቅፈን ሰላም እንለውና የዶርሙ በር ሲዘጋ ሥጋውን እንበላለን። እነዚህን በየዳዕዋው ስለምንሰማቸው ቢያንስ ጥፋት መሆናቸውን እናውቃለን። እኔ ዛሬ ላነሳው የፈለግሁት ግን ጥፋት መሆኑን እንኳ የዘነጋነውን ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ረመዷን ለኢፍጣር ስድስት ሆነን አንድ ትሪ ከብበን ተቀምጠን ነበር። ከመካከላችን አንዱ የዓሣውን አጥንት ሳይቀር ሲግጥ ያየ ጓደኛችን «አንተ ደግሞ ወይጦ ነህ እንዴ?» አለው። ሳቅን። እኔም ሳቅሁ። አጠገቤ የነበረው ወንድም ግን አልሳቀም። እጁን ታጠበና ተራዊሕ እንዳያመልጠኝ ብሎ ቀድሞን ወጣ። ከጣና ዳር፣ ከነገደ ወይጦ ቤተሰብ መወለዱን የሰማሁት ከወራት በኋላ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ አብረን ስንበላ ለማናችንም አልነገረንም ነበር። ለምን እንዳልነገረን ለመረዳት ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም።

ከሌላ አካባቢ ለመጣችሁ፣ ነገደ ወይጦዎች የጣና ዳር የቆዩ ነዋሪዎች ናቸው። በደንገል ታንኳ ይሠራሉ፤ ዓሣ ያጠምዳሉ፤ በቀድሞው ዘመን ጉማሬም ያድኑ ነበር። ዛሬ አፋቸውን የሚፈቱት በአማርኛ ነው። ሃይማኖታቸው እስልምና ነው። ሆኖም ጉማሬ በላችሁ ተብለው ከክርስቲያኑም ከሙስሊሙም ማዕድ ተገለሉ። የእኛ ወገን ደግሞ ሌላ ጨመረበት፤ «ሙስሊምነታቸው የይስሙላ ነው» አለ። የጉማሬው አደን ታሪክ ሆነ፤ ስሙ ግን ስድብ ሆኖ ቀረ።

ከተማዋ ስትሰፋ ከሐይቁ ዳር እየተገፉ ሄዱ፤ የሚተዳደሩበት ደንገልም አብሮ እየሳሳ ነው። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች ዝርዝር ውስጥ ሲገባ ሁላችንም ደስ ብሎናል። ከታንኳው አጠገብ ፎቶ ተነሥተን ለቤተሰብ እንልካለን። ታንኳውን የሠራው ሰው ልጅ ግን አጠገባችን ቁጭ ብሎ ማንነቱን ይደብቃል። ክምሩ ከላይ ደረቅ ነው ያልኩት ለዚህ ነው።

«ቀልድ እኮ ነው፤ ደግሞስ በመስጊድ አብረውን ይሰግዱ የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። አዎ፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥመን እንሰግዳለን። ግን ሶላቱ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። ፈተናው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፦ በትሪው ዙሪያ፣ በቤት ኪራይ፣ በጋብቻ ጥያቄ። እዚያ ላይ የሚታየው ነው እውነተኛው ሶፋችን። ቀልዱን በተመለከተ ደግሞ ሱረቱል ሑጁራት ሕዝብ በሕዝብ ላይ እንዳይሳለቅ፣ በመጥፎ ቅጽል ስምም እንዳንጠራራ በግልጽ ከልክሎናል። አቡ ዘር (ረ.ዐ) አንድን ሰው በእናቱ በሰደቡት ጊዜ ረሱል (ሶ.ዐ.ወ) በውስጣቸው ጃሂሊያ እንዳለ ነግረዋቸዋል። አቡ ዘር ከቀደምት ሶሓባዎች አንዱ ናቸው። እርሳቸው ላይ ያ ቅሪት ከተገኘ፣ እኛ ላይ እንደሌለ ማን አረጋገጠልን?

እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ያ ወንድም ስለ ራሱ ዝም ያለው ሊያታልለን ፈልጎ አይደለም። እውነቱን መናገር ዋጋ እንዲያስከፍለው ያደረግነው እኛ ነን። የእኛ ድብቅ ንቀት እሱንም ድብቅ አደረገው።

በመጨረሻ ሄጄ አውፍ በለኝ አልኩት። «እኔማ ረስቼዋለሁ» ብሎ ፈገግ አለ። ርዕሱን ቶሎ ሲቀይር ግን እንዳልረሳው ገባኝ።

ስለዚህ ከእናንተ የምጠይቀው ትልቅ ፕሮግራም አይደለም። እንዲህ ያለ ቃል በትሪው ዙሪያ ሲነገር አንሳቅ። የተናገረውን ሰው በሰው ፊት ሳናዋርድ ለብቻው እንንገረው። የበደልነው ካለ አውፍታ እንጠይቅ። በጀመዓችን ውስጥ ማንም የመጣበትን ቤት መደበቅ አያስፈልገው።

እርጥብ እህል ከታች ሲቆይ ይሻግታል፤ ደረቁንም ያበላሸዋል። ከላይ ከወጣ ግን ፀሐይ ያገኘዋል። ልባችን ውስጥ ያለው ይህ እርጥበትም ከአባቶቻችን የወረስነው ሊሆን ይችላል፤ ዝናቡን እኛ አላዘነብነውም። ሸፍኖ ማቆየቱ ግን የእኛ ሥራ ነው።

አላህ ውስጣችንን ከውጫችን የተሻለ ያድርግልን። አሚን።